ከምላጩ በፊት ብዕሩ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የቀዶ ጥገና ክፍል ባልደረቦቼ ጋቢ ይዘውልኝ ቤቴ ድረስ መጡ። ጨዋታው ሲሟሟቅ በእኔ ቦታ የተተካችው ነርስ ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። የአንድ ገበሬ አፍንጫ ነው፤ ከጎኑ የማይድን ቁስል አለበት። ጠዋት ባሕር ዳር ላለ ስፔሻሊስት ልካለት፣ ሐኪሙ ቀይ መስመር አስምሮበት ከሰዓት በኋላ መልሶላታል። «በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል፣ እትዬ ውዴ?» አለችኝ። አልነበረም። በእኛ ጊዜ መስመሩን የሚያሰምረው ሰው አብሮን ነበር የሚውለው። ስለዚያ ሰው ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት እንግዶቼን ከሸኘሁ በኋላ ነው።

የተወለድኩት እስቴ ነው። ከነርስነት ትምህርት እንደወጣሁ የተመደብኩት ስማዳ፣ ወገዳ ነበር። ክረምት ሲገባ መኪና ስለማይደርስ መድኃኒቱ በአህያ፣ ሕመምተኛው በቃሬዛ ይመጣል። አለቃዬ ጠና ያሉ ጤና ረዳት ነበሩ። በዱላ የተፈነከተ ጭንቅላት እንዴት ንጹሕ ሆኖ እንደሚሰፋ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ ስሰፋና ቁስል ስጠርግ ብዙ ዓመት ኖርኩ። በኋላ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ደብዳቤዬ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከርሞ ጋይንት ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ከዚህ በታች የማወጋው ጥፋት የራሴ ስለሆነ ቤቱ በእኔ ምክንያት ስሙ እንዲነሳ አልፈልግም።

ዶክተር አስናቀን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ረጅም፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ስለሆኑ የመጣውን ሁሉ ይሠራሉ፤ ምጥ የጠናባትን፣ አንጀቱ የታጠፈውን፣ በሬ የወጋውን። ሐሙስ ግን የፊት ቀን ነው። የእኛ አገር ሰው ከፍታ ላይ ስለሚኖርና ሲያርስም ሲያጭድም ሲወቃም ፀሐይ ላይ ስለሚውል፣ ፊቱ ላይ የሚወጣ የቆዳ ካንሰር ከሚታሰበው በላይ ይበዛል። ቆዳቸው ነጭ ሆኖ የተወለዱትማ በወጣትነታቸው ነው የሚይዛቸው። ሰዉ ግን ቁስል ነው ብሎ ቅጠልም ቅባትም ሲያደርግበት ቆይቶ፣ አልድን ሲለው ይመጣል።

የመጀመሪያው ሐሙስ አልገባኝም ነበር። ዕቃውን ቀቅዬ፣ ጨርቁን ዘርግቼ፣ ምላጩን ገጥሜ ስጠብቅ ሐኪሙ የሉም። ብፈልጋቸው ኮሪደሩ ላይ መስኮት ሥር ከሕመምተኛው ጋር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ፈንቴ የሚባሉ የስማዳ ገበሬ ነበሩ፤ ጉንጫቸው ላይ፣ ከአፋቸው ማዕዘን አጠገብ፣ ዳር ዳሩ የዕንቁ ጨሌ የመሰለ ቁስል ነበራቸው። ዶክተር ስለ እርሻው ያጫውቷቸዋል። እኔ ጊዜ መግደል መስሎኝ ዕቃው ዝግጁ መሆኑን ነገርኳቸው። «እኛ ግን ገና ነን» አሉኝ።

ከዚያ አቶ ፈንቴን፣ «በዚህ ፊትዎ ምን ይሠሩበታል?» ብለው ጠየቋቸው።

ይህን ጥያቄ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩን አላውቀውም፤ ያን ዕለት ግን እንደ ሰውየው እኔም ግራ ገባኝ። አቶ ፈንቴ አሰብ አድርገው፣ በሬዎቻቸውን ሲያዞሩ እንደሚያፏጩ ተናገሩ። ዶክተር እንዲያፏጩ ጠየቋቸው። እፍረት ቢይዛቸውም እንደ እርሻ ቦታቸው አድርገው ሲያፏጩ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ዶክተር ግን ጉንጫቸውን ነበር የሚያዩት። ቆዳው የት እንደሚሰበሰብ፣ የት እንደሚወጠር አይተው፣ ቀድሞ በብዕር አስምረውት የነበረውን መስመር በአልኮል ጠርገው በሌላ አቅጣጫ አሰመሩት። ቀድሞ በተሰመረው ቢቆረጥ ኖሮ ጠባሳው ሲኮማተር የአፋቸውን ጫፍ ወደ ላይ ይስበው ነበር። ይህን ያስረዱኝ እጃችንን ስንታጠብ ነው።

የእሳቸው ሥራ እንዲህ ነበር። ሕመምተኛውን አስተኝተው መስመር አያሰምሩም፤ ሰው ሲተኛ ፊቱ ወደ ጆሮው ይፈስሳልና። በመብራትም አያሰምሩም፤ በቀን ብርሃን ነው። ቁስሉን በርጥብ ጨርቅ ጠርገው ቅርፊቱ ሲነሳ ዳሩን በማጉያ መነጽር ያያሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል። ከላይ ጤነኛ የሚመስለው ቆዳ ከሥሩ ጠንክሮ ከተገኘ በሽታው እዚያም ደርሷል ማለት ነው። በጣታቸው ያገኙትን ዳር በነጠብጣብ ይከቡታል። ከነጠብጣቡ ወዲያ ደግሞ ከጤናማው ይጨምራሉ፤ ቀስ ብሎ ለሚሄደው ዓይነት የስንዴ ፍሬ ወርድ ያህል፣ ለክፉው ዓይነት የገብስ ፍሬ ርዝመት ያህል። ስንዴና ገብሱ የእኔ አነጋገር ነው፤ እሳቸው በማስመሪያ ይለኩ ነበር። በመጨረሻ የሚነሳውን ያህል ከፋሻ ቆርጠው፣ ጉድጓዱን የሚሸፍነው ቆዳ ከየት እንደሚመጣ ፋሻውን ፊት ላይ እያዞሩ ይሞክሩታል። ማደንዘዣ መርፌ የሚወጋው ይህ ሁሉ ካለቀ ነው፤ መርፌው ቆዳውን ስለሚያሳብጠው ከዚያ በኋላ ልኩ ይጠፋል። መስመሩ ሲሰመር ሙሉ ጠዋት ይፈጃል፤ መቁረጡ ግን አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ወይዘሮ ዘይነባ በከተማው ገበያ ጨርቅና ክር የሚሸጡ፣ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት ሁሉ የክር ቀለም የምታማርጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ከግራ ዓይናቸው ሥር፣ ወደ አፍንጫው በኩል ትንሽ ቁስል ወጣባቸው። ዶክተር የተለመደውን ጥያቄ ሲጠይቋቸው፣ ሁለት ቀይ ክር አንድ መስሎ ለሰው ሁሉ ሲታይ እሳቸው ልዩነቱን እንደሚያዩ ነገሯቸው። ዶክተር እንባ የሚወርድባትን ቀጭን ቧንቧ ላለመንካት ብዙ ተጠበቡ። ተሠራ፤ ጥሩ ሆኖም ተሰፋ።

ከሰው የሚወጣ ሥጋ በጠርሙስ ሆኖ ወደ ትልቁ ከተማ ላቦራቶሪ ይላካል። ዳሩ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጡት እዚያ ነው። ዳሩ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ የትኛው ዳር እንደሆነ እንዲታወቅ ዶክተር ሥጋው ላይ ሁለት ክር ያስራሉ፤ ረጅሙ ወደ ላይ፣ አጭሩ ወደ አፍንጫ። ጠርሙሱን መሙላት የእኔ ሥራ ነው። ያን ዕለት ምጥ የጠናባት እናት በር ላይ ደርሳ ክፍሉን ቶሎ ልቀቁ ተብለን ነበር። ረጅሙ ክር ከጠርሙሱ አፍ እየወጣ ክዳኑን አላስገጥም አለኝ። መቀስ አንስቼ ቆረጥኩት። አላሰብኩም። ትርፍ ክር እንደሚቆርጥ ሰው ቆርጬ፣ ክዳኑን ጠምዝዤ፣ ወደ ምጧ ሮጥኩ።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። በአንድ ወገን ያልተነሳ በሽታ ቀርቷል፤ ሁለቱ ክሮች እኩል ስለሆኑ ወገኑን መለየት አልተቻለም ይላል። ዶክተር ወረቀቱን ደግመው አነበቡትና ክሩን ምን እንዳገኘው ሊገባቸው እንዳልቻለ ተናገሩ። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዝም ብል የሚያውቅ የለም፤ በመንገድ ነው፣ በላቦራቶሪ ነው ይባላል።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ዶክተር» አልኳቸው።

ለምን እንደቆረጥኩት ጠየቁኝ፤ ስለ ክዳኑ ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም። ነጭ ጋዋናቸውን አውልቀው ሰቀሉና፣ ነጠላዬን እንድለብስ ነግረውኝ አብረን ወጣን። በቀጥታ ወደ ገበያ ሄድን። ወይዘሮ ዘይነባ ደንበኛ እስኪሸኙ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ዶክተር ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯቸው፤ ጥፋቱ የተፈጠረው በእኛ እጅ እንደሆነ፣ በሽታው የቀረበት ወገን ስለማይታወቅ ዙሪያውን ሁሉ መቁረጥ እንደሚያስፈልግ፣ የእንባው ቧንቧ ምናልባት እንደማይተርፍ። የእኔን ስም አላነሱም። እኔው ነኝ ያነሳሁት።

ወይዘሮ ዘይነባ ፊት ለፊታቸው ያለውን የክር ጥቅል አስተካከሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ መጥተሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ሌላ ጊዜ ፊቴን ላንቺ አልሰጥም ነበር» አሉኝ። «መቼ ልምጣ?»

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና በሽታውን ጠርጎ አወጣው። ቧንቧዋ ግን ሄደች፤ የታችኛው የዓይናቸው ቆብም ትንሽ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ወዲያ የግራ ዓይናቸው ሁልጊዜ ያነባል። ክር ሲያማርጡ በቀኝ እጃቸው ክሩን፣ በግራ እጃቸው መሐረቡን ይይዛሉ። ገበያ ስወጣ በዚያ በኩል አልፌ ሰላም ሳልላቸው ቀርቼ አላውቅም፤ እሳቸውም ፊት ነስተውኝ አያውቁም። የእኔ ልብ ግን እስከ ዛሬ አልቀለለውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። ዶክተር ብዕራቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ከእንግዲህ የሕመምተኛውን ፊት ወረቀት ላይ የምስለው፣ ክሩ የት እንደታሰረ ሥዕሉ ላይ የማመለክተው፣ ጠርሙሱን የማሽገው እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ። «ይህን ነገር ካንቺ የበለጠ የሚጠነቀቅ ሰው አሁን የለም» አሉኝ። ሥዕል አልችልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፊቶቼ ድንች ይመስሉ ነበር፤ እሳቸው ግን አፍንጫው የት እንደሆነ እስከታወቀ ድረስ ይበቃል ይሉኛል። በኋላ እየቀናኝ ሄደ። አፉ ሰፊ ጠርሙስም እየለመንኩ ማጠራቀም ጀመርኩ። ውሎ አድሮ ከወረቀት አልፌ ፊት ላይ ነጠብጣቡን እንዳደርግ ፈቀዱልኝ። እኔ ስዳስስ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ እጄን ይዘው እንደገና ያስዳስሱኛል።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ብዙ ተማሪ ያፈሩ መምህር ናቸው። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ገቡ። ነጠላውን ሲያወርዱ የታችኛው ከንፈራቸው ላይ፣ ከመሐል ወደ ቀኝ፣ ዳሩ የጠነከረ ቁስል አየን። በፀሐይ የተሰነጠቀ መስሏቸው ከዓመት በላይ ቆይተዋል። ጠበልም ሲጠመቁ ከርመዋል። ዶክተር ጠበሉን እንዲተዉ አልነገሯቸውም፤ ብቻ ቀኑ እንዳያልፍ ለመኗቸው። አንድ ጣታቸውን መሪጌታ አፍ ውስጥ፣ ሌላውን ከአገጫቸው ሥር አድርገው ያበጠ ዕጢ እንዳለ ፈለጉ፤ አንገታቸውንም እስከ ታች ዳሰሱ። አልነበረም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሽታው ገና ከከንፈሩ አልወጣም ማለት ነው።

መሪጌታ ግን ለመቆረጥ አልመጡም። አንድ ነገር ሊጠይቁ ነው የመጡት።

«ከንፈሬ ሳይገጥም ከቀረ መምህር አይደለሁም» አሉ። «እንደሚገጥም ቃል ይገቡልኛል?»

ዶክተር ቃል መግባት እንደማይችሉ ነገሯቸው። ከዚያ እንደ ልማዳቸው በዚህ ከንፈር ምን ምን እንደሚሠሩበት ጠየቁ። መሪጌታ መጀመሪያ የሚቀልዱባቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። ዶክተር ግን ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ከንፈር የሚነኩትን ፊደላት አንድ በአንድ እንዲያሳዩዋቸው ለመኗቸው።

ያን ጊዜ መሪጌታ ከሕመምተኛነት ወደ መምህርነት ተመለሱ። መ ሁለቱ ከንፈሮች ተገጥመው የሚቆዩባት እንደሆነች፣ በ ተገጥመው ቶሎ የሚለያዩባት፣ ጰ ከውስጥ ታፍና የምትፈነዳ፣ ፈ ደግሞ ብቻዋን የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ጥርስ የሚገናኝባት እንደሆነች እያሉ አሳዩን። ወደ ሐኪሙ ጎንበስ ብለው እንዲደግሙ አዘዟቸው። ዶክተር ደገሙ፤ ጰን አልተቀበሏቸውም፤ እንደገና አስደገሟቸው። እኔ መስተዋት ይዤ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ አንዲት አጭር ዜማ ዝቅ ባለ ድምፅ አዜሙ። ዶክተር እንደ አቶ ፈንቴ ጊዜ የሚያዩት ሥጋውን ነበር፤ ከንፈሩ የቱ ጋ እንደሚጫን፣ የቱ ጋ እንደሚላላ እየነገሩኝ እኔ ወረቀቱ ላይ አመለከትኩ።

ሁለት መንገድ ነበረ። ሁለቱንም ስዬ መሪጌታ ፊት አስቀመጥኩ። አንደኛው ቁስሉን ከጤናማ ዳሩ ጋር እንደ ሽብልቅ ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን ከንፈር ማገናኘት ነው፤ አፉ ይጠባል፣ የሚገናኘው ግን የራሱ ሥጋ ከራሱ ሥጋ ጋር ስለሆነ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ከላይኛው ከንፈር ተውሶ መሙላት ነው፤ አፉ ብዙ አይጠብም፣ ግን ሁለቱ ከንፈሮች ለሦስት ሳምንት ያህል አብረው ተሰፍተው ይቆያሉ፤ የተዋሰው ሥጋም እስኪነቃ ወራት ይፈጃል፤ ሙሉ በሙሉ ላይነቃም ይችላል። ዶክተር የሚመርጡትን ተናግረው ምርጫውን ለባለቤቱ ተዉት።

መሪጌታ ሥዕሎቹን አነሱ፣ አስቀመጡ፣ መልሰው አነሱ።

«አፌ ቢጠብ ግድ የለኝም፤ በትንሽ በትንሹ እጎርሳለሁ» አሉ። «ፊደሉ ይግጠምልኝ።»

በቀጠሯቸው ሐሙስ መሪጌታ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጡ መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት ከንፈርና ቆዳ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ከሚቆረጠው ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጥብ አደረግሁ። ያች ጠርዝ ስትሰፋ የፀጉር ያህል ከተዛነፈች ለዘላለም ታስታውቃለች። ዶክተር አይተው አንዱን መስመር ብቻ በትንሹ ወደ ውጭ አወጡት፤ አገጭ ላይ ያለውን እጥፋት እንዳያቋርጥ ነው። ከዚያ መርፌው ተወጋ።

ሲቆረጥ ከንፈሩን ከሁለት ወገን በጣቶቼ ጭምቅ አድርጌ ይዤ ነበር፤ ካልተያዘ ደሙ ኃይለኛ ነው። ሥጋው ወጣ። ዶክተር ክሮቹን አሰሩ፤ እኔ በሰፊው ጠርሙስ አስገብቼ፣ ክሮቹ ሳይነኩ መግባታቸውን በብርሃን አይቼ፣ ሥዕሉን አያይዤ አሸግሁ። ከዚያ ስፌቱ። መጀመሪያ የታሰረችው ያቺ የጠርዟ ስፌት ናት፤ ሁለቱ ነጥቦች ተገናኙ። ቀጥሎ ከውስጥ፣ ቀጥሎ ከንፈርን የሚያስገጥመው ጡንቻ። ጡንቻው ላይ ዶክተር ብዙ ቆዩ። ቆዳው አምሮ ጡንቻው ካልተያያዘ ሰውየው ውኃ እንኳ ሲጠጣ እንደሚያፈስስ፣ መ ብሎ መግጠም እንደማይችል በሹክሹክታ ነገሩኝ። ቆዳውን በመጨረሻ ሲሰፉ አልተቻኮሉም፣ አልተጨነቁምም።

መሪጌታ እስኪድን እንዳያዜሙ ተከለከሉ። በእነዚያ ሳምንታት ጉባኤያቸውን አልዘጉም ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ በእጃቸው እያመለከቱ፣ ሲሳሳቱ መቋሚያቸውን መሬት እያስነኩ አስተማሩ ብለው ይዘዋቸው የመጡት ሰዎች አጫወቱኝ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን እኔ ነኝ ያነበብኩት። በአራቱም ወገን ንጹሕ ነው። ለዶክተር ሰጠኋቸውና እሳቸውም አንብበው ኪሳቸው ውስጥ አደረጉት። የሌላ ሰው ውጤት እንዲህ ኪሳቸው ሲከቱ አይቼ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተር አስናቀ እንዲያስተምሩ ወደ ሩቅ ከተማ ተጠሩ። ሲሸኙ ንግግር አድርጉ ተብለው፣ የመስኮቱ ወንበር ከኮሪደሩ እንዳይነሳ ብቻ ለምነው ተቀመጡ። እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ መሪጌታ ማዜም ሲጀምሩ ሄጄ እንድሰማና እንድነግራቸው አደራ አሉኝ። ሕመምተኛው በቀጠሮ ሲመጣ ደህና ነኝ ይላል፤ ሥራው ላይ ሳለ ካልታየ ግን ሐኪሙ ምንም አላወቀም የሚል እምነት ነበራቸው።

በንግሥ በዓል ቀን ወደ ቤተ ልሔም ሄድኩ። ሰዉ ብዙ ነው። በሴቶች በኩል ቆሜ ነበርና ከሰው ትከሻ በላይ የሚታየኝ የካህናቱ ጥምጥም ብቻ ነው። ዜማው ተጀመረ። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጆሮዬን ጥዬ የሚያፈስስ ድምፅ፣ የሚንሸራተት ፊደል ፈለግሁ። በ ላይ ጠበቅሁ፤ ጰ ላይ ጠበቅሁ። ብዙ ቆየሁ። የታመሙት መምህር ከነጭራሹ ያልመጡ መስሎኝ ልቤ ፈራ።

አጠገቤ ወደቆሙት ሴት ዘንበል ብዬ መሪጌታ ጥበቡ ዛሬ አሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሴትዮዋ ተገርመው አዩኝ። «ከጠዋት ጀምሮ የሚመሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አሉኝ።

ከግቢው እንደወጣሁ ለዶክተር ደወልኩላቸው። ሰማሽ ወይ አሉኝ፤ ሰማሁ አልኳቸው። እንዴት ነው ድምፃቸው አሉኝ።

«ሰው ጠይቄ ነው ያወቅኋቸው» አልኳቸው።